ሰላሳ ወይስ ስልሳ

ቡድኑ «ይጻፍልኝ» የሚል ስም ያወጣለት በክፋት አልነበረም። ሰውየው የሕንጻ መሐንዲስ ነው። ምሰሶው ምን ያህል ይሸከማል፣ በምሰሶዎቹ ላይ የሚጋደመው ቢም ስንት የፌሮ ብረት ይገባዋል፣ የኮንክሪቱ ወለል፣ ሶሌታው፣ ምን ያህል ይወፍር የሚለውን የሚያሰላው እሱ ነው። ሥራውን አሳምሮ ያውቃል። ብቻ በየስብሰባው መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ «በሉ ደህና ዋሉ» ሊል ሲል፣ «ጥሩ ነው፤ እሱን ነገር ግን ይጻፍልኝ» ማለቱ አይቀርም። ወጣቶቹ ይሳሳቃሉ። አንዳንዴም ገና አፉን ሳይከፍት ቀድመው ይሉለታል። እሱም ሲስቁ አይቶ አብሮ ይስቃል። በምን እንደተሳቀ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም ነበር።

ጆሮው እየከዳው ነው።

የጀመረው ቢሮ ሳሉ ነበር። መጀመሪያ ግራው፣ ቆየት ብሎ ቀኙም። ያኔ ግን ቢሮው መሃል አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ነበር። ሁሉም ፕላኑን እዚያ ላይ ዘርግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ነበር የሚከራከረው። እሱም በጆሮው ያመለጠውን በዓይኑ ይለቅማል። አፍ ያያል፣ ጣት ያያል፣ ማን ቅንድቡን እንደቋጠረ ያያል። ማንም አላወቀበትም። ራሱም ቢሆን ለራሱ አጥርቶ አልነገረውም።

ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ እንዲሠራ ተባለ። «ለጥቂት ወራት ነው» የተባለው ዓመት አለፈው። አንድ ቀን የቡድኑ ኃላፊ፣ ረጅም ወሬ የማትወድ ሴት፣ በስክሪኑ ብቅ ብላ፣ «ከእንግዲህ ወደ ቢሮ መመለስ የለም። ሕንጻውን ለቀናል። ሥራችን ለዘለቄታው ከየቤታችን ነው» አለች። ጠረጴዛው የት እንደደረሰ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ ይጻፍልኝ በሆዱ ደስ አለው። ቤት ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍተዋል። ያልሰማው ነገር ሲኖር፣ «ተቆራረጠብኝ፣ ኔትወርኩ ነው» ይላል። የማንም ቤት ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ማንም አይጠረጥረውም። ያ ምስኪን ኔትወርክ የእሱን ጆሮ ኃጢአት ተሸክሞ ስንት ጊዜ ተሰደበ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራምም ሞክሮ ነበር፤ «ቢም» ባሉ ቁጥር «ቢራ» እያለ ሲጽፍበት ጊዜ ተወው።

ያልገመተው ነገር ቢኖር ሰዎቹ ቀስ በቀስ ፊታቸውን ማጥፋታቸው ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ካሜራውን ይከፍት ነበር። ሲሰነብት አንዷ «ልጄ ታማብኛለች» ብላ አጠፋች፤ ሌላው «ቤቱ ተዝረክርኳል» አለ፤ በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የቀሩት ስም የተጻፈባቸው ጥቁር ሳጥኖች ብቻ ሆኑ። የሚያነበው አፍ ጠፋ። እሱም የራሱን አጠፋ። ሲጨነቅ ፊቱን እንዳያዩበት።

ለምን አልተናገረም? አባቱን ያስታውሳል። አባቱ በስተርጅና ደንቁረው ነበር። ቤተሰቡ ማዕድ ሲቀርብ ዙሪያቸውን እያወራ፣ እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው የሁሉንም ፊት ተራ በተራ ሲያዩ ይኖሩ ነበር። ማንም ክፉ አልነበረም። ግን የሚያስረዳቸው ሰው እየሰለቸው፣ «ይተዉት፣ ኋላ እነግርዎታለሁ» ይላቸዋል፤ ያ «ኋላ» መጥቶ አያውቅም። መሐንዲሱ ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። እዚያ ጥግ መቀመጥ አልፈለገም።

የሚሠራባት ክፍል ጠባብ ነች፤ ድሮ ዕቃ ይከማችባት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የአማቱ ክፍል ነው። አማቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይከፍታሉ። ሚስቱ አስተማሪ ስለሆነች ጠዋት ትወጣለች፤ ስትመለስ ደግሞ ባሏን ወደ ስክሪኑ እንደዞረ ታገኘዋለች። ከበሩ ላይ ሆና ታወራዋለች። አይመልስም። ቆይታ ትሄዳለች።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ተራ ስብሰባ ላይ ነው።

ቡድኑ ለአንድ ሆስፒታል አዲስ ሕንጻ እየሠራ ነበር። ሆስፒታሉ ውሃ እየተቋረጠበት ስለተቸገረ ጣሪያው ላይ የሚቀመጠው የውሃ ታንከር ከታቀደው ይበልጥ ትልቅ እንዲሆን ጠየቀ። አዲሱን መጠን የተናገረችው ቢሮው ከተዘጋ ወዲህ የተቀጠረችው የቡድኑ የውሃ መሐንዲስ ነች። ወጣት፣ ፈጣን፣ ቃላቱን እያሳደደች የምታወራ ሴት ናት። ያን ቀን መኪና ውስጥ ነበረች፤ ካሜራዋ ጠፍቷል፤ ከኋላዋ ጥሩምባ ይጮሃል።

ይጻፍልኝ «ሰላሳ ሺህ ሊትር» ስትል ሰማ።

ወይም የሰማ መሰለው። በዚያው ስብሰባ ሁለት ጊዜ «ይደገም» ብሎ ነበር፤ ሦስተኛ ለማለት አፈረ። እንደ ልማዱ፣ «እሱን ነገር ይጻፍልኝ» አለ።

ሳቁን አልሰማውም። ኃላፊዋ ግን ካሜራዋን ከፍታ ስለነበር ፈገግ ስትል አያት። እንደ ልማዷ ቀስ ብላ፣ አፏን አስተካክላ፣ «ዛሬ እንኳ ይቅርብህ። ሁላችንም እዚሁ ነን፣ ሁላችንም ሰምተናል። ቃለ ጉባኤ መጻፍም አቁመናል፤ ጊዜ እየበላብን ነው። ገብቶሃል አይደል?» አለችው።

«ገብቶኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በየቤቱ ሥራውን ቀጠለ። እሱ ጣሪያውን ለሰላሳ ሺህ ሊትር አስልቶ ፕላኑን ወደ ራሱ ማኅደር ጫነ። የውሃ መሐንዲሷ ቧንቧዋንና ታንከሯን ሥላ ወደ ራሷ ማኅደር ጫነች። ስሌቱን የመረመረው ሰው የመሐንዲሱን ቁጥር ይዞ ደመረ፣ አባዛ፣ ልክ ነው አለ። ሁለቱን ፕላኖች አንዱን ካንዱ ጎን ዘርግቶ ያየ አልነበረም። የሚዘረጉበት ጠረጴዛ ቢኖር ኖሮ ሕፃን ልጅም ያየው ነበር።

ወራት አለፉ። ሕንጻው ቆመ። ሆስፒታሉ ቦታ ስለጠበበው መጠናቀቁን እንኳ ሳይጠብቅ የላይኛውን ፎቅ ለወላዶች ከፈተው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ይጻፍልኝ ሻዩን ይዞ ሲቀመጥ፣ የሥራ ቦታው ፎርማን በቡድኑ የመልእክት ገጽ ላይ ፎቶ ልኮ አገኘው። «ታንከሩ ቆሟል። ከንጋት ጀምሮ እየሞላን ነው። ከግማሽ አልፏል» ይላል። ፎርማኑ በኩራት ታንከሩ አጠገብ ቆሞ ተነስቷል።

ታንከሩ የፎርማኑን ቁመት እጥፍ ይሆናል።

መሐንዲሱ ፎቶውን አተኩሮ አየው። እሱ ያሰበው ታንከር ሰው ከጎኑ ቢቆም ከራሱ ብዙም ከፍ አይልም። ፎቶውን አሰፋው። የብረቱን ሉሆች አንድ በአንድ በዓይኑ ወጣባቸው። ሻዩን የት እንዳስቀመጠው አላወቀም። የውሃ መሐንዲሷን ማኅደር ከፍቶ የታንከሩን ፕላን ፈለገ፤ ስልሳ ሺህ ሊትር ይላል።

ሰላሳ አይደለም። ስልሳ።

ከግማሽ አልፏል ማለት ጣሪያው ልሸከመው ያለውን ጨርሶ አሁን የሚሸከመው በትርፉ ነው ማለት ነው። መሐንዲስ ለክፉ ቀን ብሎ ትርፍ ጥንካሬ ይጨምራል። ያ ትርፍ የት ጋ እንደሚያልቅ ያውቀዋል፤ ራሱ ነው የሰጠው። ቧንቧው ደግሞ እየቀዳ ነው። ከጣሪያው ሥር ወላዶች ተኝተዋል።

«ውሃውን አቁሙ፣ አሁኑኑ» ብሎ በገጹ ላይ ጻፈ። ያየው የለም። ፎርማኑ እጁ እርጥብ ሲሆን ስልኩን ኪሱ ከትቶ እንደሚረሳው ሁሉም ያውቃል። ደወለለት። ስልክ ለእሱ ከሁሉ የከፋ ነገር ነው፤ ፊት የለው፣ አፍ የለው። የተነሳለት መሰለው። «ውሃውን ዝጋ! ትሰማኛለህ? ዝጋው!» ብሎ ጮኸ። ከወዲያ የሚመጣው ጩኸት ይሁን ሞተር፣ እሺታ ይሁን እምቢታ፣ አልለየውም። ደግሞ ጮኸ። ስክሪኑን ሲያየው ስልኩ ተዘግቷል። ሰምቶ ይሆን የዘጋው? ወይስ ኔትወርኩ? ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ኔትወርክ ሊሆን እንደሚችል አሰበ።

ከክፍሉ ወጥቶ የአማቱን በር ሳያንኳኳ ከፈተው።

አማቱ ሬዲዮናቸው አጠገብ ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ፊቱን ሲያዩ መርፌውን አስቀመጡ።

«እማማ፣ አንድ ስልክ ያናግሩልኝ። እኔ አልሰማም።»

ሬዲዮውን ዘጉት። ቀና ብለው አዩትና፣ ከንፈራቸውን እያስተካከሉ፣ «አሁን ገና አልከው» አሉት።

የሚገረምበት ጊዜ አልነበረውም። ስልኩን ደውሎ እጃቸው ላይ አኖረው። «ፎርማን ነው። ውሃውን እንዲዘጋ ይንገሩት። ጣሪያው አይችለውም ይበሉት።»

«ሃሎ» አሉ አማቱ፤ እሳቸው በስልክ ሲያወሩ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማል። «አንተ ነህ ፎርማኑ? ውሃውን ዝጋ፣ ልጄ። ጣሪያው አይችለውም።» ጠበቁ። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞረው እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ አወጡለት፤ «እርስዎ ማን ነዎት፣ ይለኛል።»

«የመሐንዲሱ አማት ነኝ ይበሉት።»

«የመሐንዲሱ አማት ነኝ።» ደግሞ ጠበቁ። ፊታቸው ጠቆረ። «ይስቃል። ቅድም አንድ ሰው ደውሎ ሲጮህብኝ ነበር፣ ዛሬ ምን ጉድ ነው፣ ይላል። የሆስፒታሉ ሰዎች መጥተው ያዩታል ተብሏል፣ ካለቃዬ ካልሰማሁ አልዘጋም፣ ይላል።»

«ስልኩን እንዳይዘጋው። ያቆዩልኝ።»

«ምን እያልኩ?»

«ያሻዎትን እያሉ።»

እየሮጠ ተመለሰ። ኃላፊዋ በዚያች ሰዓት ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ እንደሆነች ያውቃል፤ የውሃ መሐንዲሷም አብራት አለች። እሱ አልተጠራም። ገባ። ከስንት ጊዜ በኋላ ካሜራውን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ የራሱን ፊት ሲያይ ያልተላጨ፣ በላብ የራሰ፣ የማያውቀው ሰው መሰለው።

«ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ ነው» አለ። «ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር መሞላቱ አሁን መቆም አለበት። ጣሪያውን ያሰላሁት ለሰላሳ ሺህ ሊትር ነው። ታንከሩ የስልሳ ነው። ከግማሽ አልፏል።»

የኃላፊዋ አፍ ይንቀሳቀሳል። በፍጥነት ነው የምታወራው። ከሆስፒታሉ ሰዎች አንዱ ከወንበሩ ተነሳ። ይጻፍልኝ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ጆሮው ላይ ተጫነው፤ የሚሰማው ከውሃ ሥር የሚወራ ወሬ ዓይነት ነው።

«የምትሉኝን አልሰማም» አለ። «ጆሮዬ አይሰማም። ዛሬ አይደለም፣ ከቆየ። ኔትወርክ አይደለም፤ ያኔም አልነበረም። እባካችሁ ጻፉልኝ።»

ከዚያ ከስክሪኑ ጎን ጽሑፍ ብቅ አለ። የውሃ መሐንዲሷ ናት።

«ስልሳ ነው ያልኩት።»

ቀጥሎ፣ «ኃላፊዋ ፎርማኑ ጋ እየደወለች ነው።»

ቀጥሎ፣ «ስልኩ ተይዟል ይላል። ከሌላ ሰው ጋር እያወራ ነው።»

ይጻፍልኝ እየዘለለ ወደ አማቱ ክፍል ሮጠ። አማቱ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ «… ታዲያ ሚስትህ አሁን ስንተኛ ወሯ ነው?» እያሉ ነው።

«ይዝጉት፣ እማማ! አለቃው እየደወለችለት ነው።»

«አሁን አያስዘጉት አላልከኝም?» አሉና ስልኩን በጣታቸው ደፈቁት። በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር።

ተመልሶ ሲቀመጥ የውሃ መሐንዲሷ ጽሑፍ ወርዶ ወርዶ ይጠብቀዋል። የምትሰማውን ሁሉ እግር በእግር ትጽፍለታለች። ፊደል ትገድፋለች፣ አታርምም።

«ፎርማኑ ተገኘ። ዘጋው። ፓምፑ ቆሟል።»

ነፍሱ መለስ ልትል ስትል ደግሞ፣ «ማፍሰሻውን እየከፈቱ ነው። ፎርማኑ ከጣሪያው ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ ይላል።»

«ሰዎቹን ያውርዱ» አለ። «ከላይኛው ፎቅ ሰው የሚባል እንዳይቀር። በአሳንሰር አይደለም፣ በደረጃ።»

«እየወረዱ ነው። ነርሶቹ እየደገፉ ነው።»

ከዚያ ጽሑፉ ቆመ። ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ኃላፊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ግንባሯን ይዛለች። አማቱ ቀስ ብለው ገብተው ከኋላው ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው አንገቱ ላይ ተሰማው።

«አንድ በር አልከፈት አለ» የሚል ወጣ። «መቃኑ ጠሟል። ውስጥ አንዲት እናት ከነልጇ አለች። ሠራተኞቹ በሩን ለመስበር ይግቡ አይግቡ? ኃላፊዋ አንተ ወስን ትላለች። ጋሼ ቶሎ።»

ጋሼ አለችው። ብላው አታውቅም ነበር።

የጣሪያውን ፕላን ከፈተ። ዓይኑ መስመሮቹ ላይ ሲያርፍ ረጋ አለ። «የትኛው ክፍል ነው? ከደረጃው ስንተኛው?»

«የመጨረሻው። ጥግ ላይ ያለው።»

ጥግ ከሆነ ምሰሶ አጠገብ ነው። ሶሌታው ቢጎብጥ የሚጎብጠው መሃል ላይ ነው፤ ጥግ ጥጉ ይዞ ይቆያል። ይቆያል ብሎ ያምናል። ማመንና ማወቅ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱም ያቺ እናት ናት። «ውሃው የት ደረሰ?»

«ፎርማኑ ሜዳው በውሃ ተሞልቷል ይላል። ታንከሩ ጎድሎ ግማሽ ጋ ሊደርስ ነው።»

«ሁለት ሰው ይግባ። ከሁለት አይበልጥም። በኮሪደሩ መሃል እንዳይሄዱ፤ በምሰሶዎቹ በኩል ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይሂዱ። በሩን በመዶሻ እንዳይደበድቡት፣ ማጠፊያውን ይንቀሉት። ሲወጡም በዚያው።»

ጻፈችለት፣ «ገቡ።»

ከዚያ ምንም የለም።

አማቱ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። እሱ የስክሪኑን ጥግ እያየ በአእምሮው ይደምራል፤ የኮንክሪቱን ክብደት፣ የፌሮውን ውፍረት፣ የቀረውን ውሃ። ቁጥሩ በደመረው ቁጥር ልክ ይመጣል። ያም አላጽናናውም፤ ያን ጊዜም ልክ መጥቶለት ነበር።

«ወጡ» አለ ጽሑፉ። «እናትየውም ልጁም ደህና ናቸው። ልጁ ተኝቷል ይላል ፎርማኑ። እስካሁን አልነቃም።»

መሐንዲሱ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አማቱ ስክሪኑ ውስጥ ላሉት ሰዎች እጃቸውን እያወዛወዙ፣ «ቆይ፣ ይረፍበት፤ መልሳችሁ ታገኙታላችሁ» ሲሉ እሱ አልሰማም፤ ኋላ የውሃ መሐንዲሷ ነች የነገረችው።

ማምሻውን ሚስቱ ስትገባ እሱ ሳሎን ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር። ሁሉንም ነገራት። ሆስፒታሉን፣ ታንከሩን፣ ከዚያ ጆሮውን። ሆስፒታሉን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጆሮውን ስትሰማ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አለች።

«ቢሮ ሳለን ነው የጀመረው።»

«እኔ ደግሞ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር» አለች። አፏን እንዲያየው ቀና ብላ ነው የተናገረችው፤ ገና አሁን ነግሯት ከመቼው እንደለመደችው ገረመው። «በየቀኑ ከሥራ ስመጣ ጀርባህን ነው የማናግረው። ስንት ነገር ነገርኩት ያንን ጀርባ። አንዴ ‹መሄድ እፈልጋለሁ› ብዬህ ነበር። ሰምተህ ዝም ያልከኝ መሰለኝ።»

«አልሰማሁም።»

«አሁን ገባኝ። ያን ጊዜ ግን አልገባኝም።» ከእናቷ ጋር ተያዩ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«በሩ ላይ ቆሜ ስጠራው ዞር አይልም፤ ጥላዬን ሲያይ ይዞራል» አሉ አማቱ። «ከራሱ አፍ ይውጣ ብዬ ነው።»

«እማዬ፣ ለኔ እንኳ?»

ያን ምሽት ቤቱ ውስጥ ሦስቱም ተኮራርፈው እራት በሉ። ሚስቱ ይቅር ለማለት ጊዜ ወስዶባታል። መጀመሪያ ላይ እልህ ይዟት የምትለውን ሁሉ በወረቀት እየጻፈች ጠረጴዛው ላይ ትተውለት ነበር፤ ቁጣዋን ሳይቀር በጽሑፍ።

ድርጅቱ ምርመራ ከፈተ። ያም በስክሪን ነው። ሦስት ሰዎች ጠየቁት፤ በጽሑፍ ጠየቁት፣ በአፉ መለሰ። ምንም አልሸሸገም። ኃላፊዋ ስትጠየቅ ነገሩን ሁሉ እሱ ላይ ብትጭነው የሚቃወማት አልነበረም። «ይጻፍልኝ ብሎ ጠይቆ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ይቅርብህ ያልኩት። ቃለ ጉባኤውንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ።» ለሁለቱም ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። እሱ ከሥራ አልተባረረም፤ ግን ፕላን ላይ የመፈረም ሥልጣኑ ተነሳ። የሚያሰላውን ሌላ መሐንዲስ እያየ ይፈርምበታል፤ ያ መሐንዲስ ደግሞ እሱ ያስተማረው ልጅ ነው። ይህ እንደ እሾህ ወጋው። ቻለው።

ሐኪም ጋ ሄደ። የግራው ጆሮ ከእንግዲህ አይመለስም፤ ለቀኙ መስሚያ ተደረገለት። መጀመሪያ ቀን ወደ ቤት ሲገባ የሚስቱ የማንኪያ ድምፅ፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የአማቱ ሬዲዮ በአንድነት ወረዱበት። «ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ነበር የምትጮሁት?» አለ። ራሱን አሞት ተኛ።

ቡድኑም አሠራሩን ቀየረ። ቁጥር የተነሳበት ስብሰባ ሳይጻፍ አይበተንም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ ያረጋግጣል። ሰው ሲናገር ካሜራውን ይከፍታል። ሁለት ፕላኖች ሳይነባበሩ አንዱም ወደ ሥራ ቦታ አይሄድም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ሁሉም አንደበቱን እየጎተተ፣ እንደ ሕፃን ያናግረው ጀመር። አንድ ቀን፣ «ደንቆሮ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ቀለለው።

ነገሩ ያልቀለለው ከውሃ መሐንዲሷ ጋር ብቻ ነበር። ያን ቀን ያለማቋረጥ የጻፈችለት ሴት፣ ከማግስቱ ጀምሮ ከሥራ ውጪ አንዲት ቃል አልጻፈችለትም።

የተገናኙት የሆስፒታሉ ጣሪያ በብረት ሲጠገን ነው። ሁለቱም መሄድ ነበረባቸው። ለዓመታት አብረው ሠርተው በአካል ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በድምጿ ረጅም ሴት አድርጎ ስሏት ነበር፤ አጭር ናት። ባዶው ፎቅ ላይ ፑንቴሎዎቹ፣ ሶሌታውን ደግፈው የቆሙት ብረቶች፣ እንደ ጫካ ተደርድረዋል። ታንከሩ ወርዶ በቦታው ትንሽ ሊተካ ነው። የጥጉ ክፍል በር እንደተነቀለ ነው።

«ልነግርህ ስፈልግ የቆየሁት ነገር አለ» አለችው። «ተናድጄብሃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ስናወራ ዝም ስትል ጆሮ ዳባ ልበስ የምትለን፣ የምትንቀን ይመስለኝ ነበር። እኔ አዲስ ነበርኩ። ከስብሰባ በኋላ ‹ምን አጥፍቼ ነው?› እያልኩ የተናገርኩትን ስከልስ አመሻለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ…» ወደ ጣሪያው ቀና አለች። «ያቺ እናት ከነልጇ ብትሞት ታንከሩ የኔ ነበር። አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

መልስ ፈለገ፤ አባቱን፣ ያንን ጥግ ሊነግራት ነበር። ለሷ ምክንያት እንጂ መልስ እንደማይሆናት ገባው።

«ምንም አልነበረበትም» አለ። «ፈራሁ።»

አየችው። ከሥር የብረት ቆራጩ ማሽን ሲነሳ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ መስሚያውን ይዞ ፊቱን አጨማደደ። ፎርማኑ ከደረጃው ብቅ ብሎ በእጁ ጠራቸው፤ የመጀመሪያው ብረት ሊሰቀል ነው። ሁለቱም በፑንቴሎዎቹ መሃል ጎንበስ ቀና እያሉ ሄዱ። ሴትየዋ በግራው በኩል ሆና አንድ ነገር ስትለው ከንፈሯን ብቻ አየ።

ቆመ። «በዚህኛው በኩል ምንም የለም» አላት፣ ግራ ጆሮውን በጣቱ እየነካ። «በቀኜ ሁኚልኝ።»

ዞራ በቀኙ መጣች፤ ከመጀመሪያውም ደገመችለት።